የሃምሳ ደቂቃ መንገድ

ጡረታ የወጣው ሾፌር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሁለቱ ከተሞች መካከል አውቶብስ ነድቷል። መንገዱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እሱም ቸኩሎ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀረችው አንድ ልጁ ናት፤ የምትሠራው እዚያኛው ከተማ ነው። በአውቶብስ በምትመጣበት ዘመን መንገዱ ስለሚያደክማት ሦስት አራት ቀን ታድር ነበር። አውሮፕላን ሲጀመር ጉዞው ሃምሳ ደቂቃ ሆነና ጠዋት መጥታ ማታ መመለስ ጀመረች። ሾፌሩ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር። እያደር ግን አውሮፕላኑ ማንን እንዳቀረበለት አልገባህ አለው።

ዘንድሮ አንድ ቀን ልትመለስ ስትል ከባድ ጉም ወረደና በረራው ተሰረዘ።

«አባዬ፣ ከነገ ወዲያ በጠዋት ሥራ መግባት አለብኝ። ምን ይሻለኛል?»

«አውቶብስ አለ አይደል? ነገ ማለዳ እንሳፈራለን።»

«እንሳፈራለን? አንተ ደግሞ የት ልትሄድ?»

«ላደርስሽ ነዋ!»

በማግስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ አለቃዋ ጭቅጭቅ ሲያወሩ ሦስት ሰዓት ሄደ። ከዚያ ወሬ አለቀባቸው። አውቶብሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ልጁ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣

«ከባሌ ጋር ተለያይተናል» አለችው። «ዓመት ሊሞላን ነው።»

ሾፌሩ ዞሮ አያት። በዚህ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ መጥታለች። አራት ጊዜም «አማቼስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ «ደህና ነው» ተብሏል።

«ምነው ልጄ፣ እስካሁን ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ልንገርህ? የቀረበልኝ ሻይ ሳይበርድ ሰዓት ማየት እጀምራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እየቸኮሉ አይወራም።»

እጇን ያዘ። ጥቂት አልቅሳ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ትከሻው ቢደነዝዝም ንቅንቅ አላለም።

ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ ዕቃዋ ገና ከካርቶን አልወጣም። ሾፌሩ አንድ ሳምንት ሰነበተ። እሷ ሥራ ስትውል ብቻውን ካርቶኖቹን ፈታ፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሰረ፤ መጋረጃ ሰቀለ። ማታ ማታ ብዙም አያወሩም፤ ራታቸውን ግን አብረው ይበሉ ነበር።

በመጨረሻው ቀን የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣ ሰጠችው። በአውቶብስ እመለሳለሁ ቢል፣ «በዚህ ጉልበትህ? አይሞከርም!» ብላ ተቆጣች። ስትሰናበተው አንገቱ ስር ተሸጉጣ ትንሽ ቆየች።

በዕድሜው አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም ነበር። ከደመናው በላይ ሆኖ፣ ባዶ ቤት ስትገባ ምን እንደምትሆን ገና ማሰብ ሲጀምር ቀበቷችሁን እሰሩ ተባለ። ደርሰዋል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ቤቱ ገብቶ ደወለላት።

«ገባሁ።»

«ውይ፣ እንዴት ይፈጥናል!»

«አዎ፣ ይፈጥናል» አለ። ስልኩ ሲዘጋ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀኑ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።