አጭሩ ሙግት

እማሆይ ወለተሥላሴ የልጅ ልጃቸውን አፍ መጠበቅ ከጀመሩ ሰነበቱ። ጥበቡ ጋፋት ሄዶ ለንጉሡ ብረት ከሚያቀልጡት ፈረንጆች ዘንድ ወናፍ መንፋት ከያዘ ወዲህ ቋንቋቸውን ለመደ። በእማሆይ ሐሳብ ደግሞ አፍ ማለት ቅል ነው፤ አዲስ ሲጨምሩበት የፊተኛው ይፈሳል።

ምልክቱንም አይተውታል። ድሮ ጎረቤት ሲያገኝ ከሰው እስከ ከብቱ፣ ከከብቱ እስከ አዝመራው ጠይቆ የማይጠግብ ልጅ፣ አሁን «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ያልፋል። ሲመረቅ እንኳ «አሜን» የሚለው አንዴ ነው። እማሆይ ከጣራ ገዳም ጠበል አስመጥተው አጉመጠመጡት፤ ዳዊት አስደገሙት። ለነፍስ አባታቸው ለቄስ አስረስ ቢያዋዩ፣ ቄሱ እኔስ ግእዝና አማርኛን ባንድ አፍ ይዤ የለም ወይ ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ።

«ግእዝማ የሰማይ ነው አባ፤ ቦታ አይይዝም» አሉ እማሆይ።

ጭንቀታቸው ያለ ነገር አልነበረም። ወንዝ ዳር ያለው የግጦሽ መሬታቸው ሙግት ላይ ነው፤ እሱ ከሄደ ላሞቹ የሚግጡት የላቸውም። ባላጋራቸው ጌጡ፣ ዝናው እብናት የደረሰ፣ ዳኛውን አስቆ ምስክሩን አስለቅሶ በግጥም የሚረታ ተሟጋች ነው። ለእማሆይ ቤት የሚቆም ደግሞ ከጥበቡ በቀር የለም።

የችሎቱ ቀን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ወይራው ሥር፣ ሰው ግጥም ሊሰማ እንደ ንግሥ ተሰበሰበ። ጌጡ ኩታውን አጣፍቶ «በላ ልበልሃ» አለና ከቅድመ አያቱ ጀምሮ አወረደው። እማሆይ ባላጋራነቱን ረስተው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት።

ጥበቡ ተነሣ። «መሬቱ የኛ ነው። የወሰኑ ድንጋይ ሾላው ሥር አለ። እንሂድና እንየው» ብሎ ተቀመጠ።

እማሆይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ጌጡ መልስ ሊመታ የከፈተው አፍ የሚይዘው ጫፍ አጥቶ እንደተከፈተ ቀረ። ዳኛው ልጁ ይቀጥል እንደሆን ጠበቁ ጠበቁና፣ ሕዝቡን አስከትለው መሬቱ ድረስ ሄዱ። ድንጋዩ እዚያው ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ለእማሆይ ተፈረደ።

እልል ያለ የለም። ሰው ዝናብ እንዳቋረጠው ሠርግ ቆሞ ተያየ። አንዱ ገበሬ የእኔንም ልጅ ጋፋት ልስደድ ይሆን ሲል እማሆይ ሰሙ። ሁሉም እንዲህ መሟገት ከያዘ ነገ ወይራው ሥር ማን ምን ሊል ነው?

ጌጡ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አቀርቅሯል። «መረታትስ ያለ ነው፣ እማሆይ» አለ። «ጾሙን ሙሉ ያሰናዳሁት የመልስ ግጥም ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ እኮ።»

እማሆይ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊቱ ቆሙ።

«ተፈርዶልናል እኮ፣ ምን ቀረን?» አለ ጥበቡ።

«ሙግቱ» አሉት። ወደ ጌጡም ዞረው፣ «በላ ልበልሃ፤

ሣሩም የኔ ሣር ነው፣ ድንጋዩም ድንጋዬ፣
አፍ የለውም ቢሉት ረታልኝ፣ ጌታዬ።»

ጌጡ ከድንጋዩ ዘሎ ተነሣ፤ ፊቱ በራ። የእማሆይን አባት አነሣ፣ ላሞቻቸውን ከፍየል ቆጠረ፣ በመጨረሻም ጋፋት አፉን ጥሎ የመጣ ወናፍ ነፊ አሳድገዋል ብሎ በግጥም ወጋቸው። ጥበቡ ይህን ጊዜ ቀበቶውን አጠበቀ። አያቱን በእጁ ወደ ኋላ አድርጎ «በላ ልበልሃ» አለ፤ ከጌጡ ቅድመ አያት ጀመረ፣ የመጨረሱም ነገር አልታየም።

እማሆይ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በቅሏቸው ላይ ወጥተው የነበሩት ዳኛም ወረዱ።