ከጠረጴዛዬ እግር ሥር የነበረው ወረቀት

ስሙን የማታውቁትን፣ ማን እንዳዘዘው ያልተነገራችሁን ክኒን ከከረሜላ ጣሳ ተቀብላችሁ ትውጣላችሁ? «በፍጹም!» ለማለት አትቸኩሉ። እኔም እንደናንተው ነበር የምለው። ታላቅ እህቴ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትውጥ አጠገቧ ተቀምጬ የሸሚዝ ጎን እሰፋ ነበር።

ሸሚዝ ፋብሪካ ነው የምንሠራው። በአንድ መስመር ሃያ ሁለት ሴቶች ነን፤ አንዷ የሰፋችውን ቀጣይዋ ትቀበላለች። እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ እጅጌ ትገጥማለች፤ እኔ ከእሷ ተቀብዬ ጎኑን እዘጋለሁ። አንዷ ከተነሳች ሥራው ወንበሯ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ማንም አይነሳም። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ሽንት ቤት የሚኬደው በቀይ ካርድ ነው፤ ካርዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በአለቃችን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። አለቃችንን «ቶሎ በሉ» እንላታለን፤ ከአፏ ሌላ ቃል ሲወጣ ሰምተን ስለማናውቅ።

ክኒኑን ያመጣልን ፋብሪካው ነው። አዝኖልን እንዳይመስላችሁ! የጣትና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም መስመሩን ስላዘገየበት ነው። መጀመሪያ በካርቶኑ ይመጣ ነበር። በኋላ «እያንዳንዷ ከማሸጊያው ፈልቅቃ እስክታወጣ ሥራ ይቆማል» ተባለና፣ ከሥራ መውጫ ላይ ማሸጊያውን በክር መቁረጫችን እየቀደድን ክኒኑን ሁሉ ከረሜላ ጣሳ ውስጥ እንድናራግፍ ታዘዝን። ስሙ፣ መጠኑ፣ ማስጠንቀቂያው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ተጠረገ። የቀደድነው እኛ ነን፤ ይህን አልደብቅም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቶሎ በሉ ጣሳውን ይዛ ታልፋለች፤ መዳፋችንን እንዘረጋለን። የቁርስ እረፍት አራት ሰዓት ነው።

«እትዬ፣ ዛሬም ሁለት ወሰድሽ?»

«ዝም በይ፤ ጣቴ አልታጠፍ ብሎኛል።»

«ሆድሽስ?»

«ሆዴ እጅጌ አይገጥምም።»

ቁልፍ ተካይዋ ከወዲያ ማዶ ሳቀች። «ኧረ ቀስ! ቶሎ በሉ ከሰማች ለሆድሽም ወንበር ታመጣለታለች!»

እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ያ ሳቅ ያቃጥለኛል።

ጉልበቷ ሲያብጥ በእረፍት ቀናችን ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ በካርቶን የታሸገ ሌላ ማስታገሻ ሰጧት። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲሏት «የለም» አለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «የጣሳው ነገር ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ? የሥራ ነው እንጂ!» ከዚያ በኋላ ጠዋት የፋብሪካውን፣ ማታ የቤቱን መዋጥ ያዘች።

ወር ሳይሞላ ፊቷ ገረጣ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። አንድ ቀን እጃችንን ስንታጠብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» አለችኝ።

«በይ ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

«ክኒኑን ካቆምኩ ጣቴ ይቆማል። ጣቴ ከቆመ ከመስመር ያወጡኛል። ከዚያ የት ልግባ? ንገሪኛ!»

ብትውጠው ሆዷ፣ ብትተወው እንጀራዋ።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ይወላገድ ጀመር። አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ድሮ ወረቀት አጣጥፌ ከሥሩ ሸጉጬበት ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው በደቃቅ ፊደል የተሞላ ሆኖ አገኘሁት። ከክኒኑ ካርቶን የወጣ ወረቀት ነው። በገዛ እጄ ያጠፍኩት።

«ከምግብ ጋር ይወሰድ። ከሌላ ተመሳሳይ ማስታገሻ ጋር አይወሰድ። ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እግርዎ ካበጠ ለሐኪም ይንገሩ። ሰገራዎ ከጠቆረ ወዲያው አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ።»

ሁለት ዓመት ጠረጴዛዬን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ይህ ነው!

«እትዬ! እንዳትውጪው!»

ውጣዋለች። ሆዷን ይዛ ተነሳች። «ካርዱን ስጪኝ» አለች።

«ሰው ይዞታል። ተራሽን ጠብቂ» አለች ቶሎ በሉ።

እትዬ ተመልሳ ተቀመጠች። ልብ በሉ፣ ተቀመጠች! ከዚያ በነጩ እጅጌ ክምር ላይ ደም አስታውካ ወደቀች። ጮኽኩ። በሩን በጡጫ ደበደብኩ። ቁልፉ ያለው ዋናው በር ላይ ካለው ዘበኛ ዘንድ ነው። ዘበኛው እስኪመጣ ከፊቷ ያለችው ሴት፣ እጇ ስለለመደ፣ አሥራ አንድ ሸሚዝ አሳለፈችላት። አሥራ አንድ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ሐኪሙ የቤቱን ካርቶንና የእኔን የተጨማደደ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበበ። «ስማቸው ይለያያል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው» አለ። «እጥፍ፣ ከእጥፍም በላይ ስትወስድ ነው የከረመችው፤ ያውም በባዶ ሆድ።»

ደም ተሰጣትና ተረፈች። ኩላሊቷ ገና ያጠራጥራል። የዚያን ዓይነት ክኒን ዳግመኛ አትወስድም። ጣቶቿ እንደ ቡጢ ተጨብጠው አልጋው ላይ ተጋድመዋል፤ ስታያቸው ትውላለች።

ወደ ሥራ ስመለስ ጣሳው የለም። በቦታው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «አንዲት ሠራተኛ ከቤቷ ባመጣችው መድኃኒት ታማለች። ሠራተኞች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ከመውሰድ ይቆጠቡ።»

ከቤቷ!

ቶሎ በሉ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለችም። «የኔ እህት፣ እኔም ከላይ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው። ወረቀቱን ስጪኝና እንርሳው። የእህትሽን ቦታ እጠብቅላታለሁ።»

«በየትኛው ጣቷ እንድትሠራ?» አልኳት።

ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዬ እንደተወላገደ ነው፤ ሌላ ነገር አልሸጉጥበትም። በሩም እንደተቆለፈ ነው።

ሥራ አስኪያጅ፣ ቢሮዎ ጠርተው አያባብሉኝ። የዘገየችውን ሴት ስም በሚጠሩበት በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት ይናገሩ፦ ማስጠንቀቂያውን ከጨርቅ ቁራጭ ጋር ያስጠረገው ማን ነው? በባዶ ሆድ እንድንውጥ ያዘዘው ማን ነው? ስሙን ጠርተው ይመልሱልን!