ቆርኪዎቹ በርሊን ሲገቡ

ቀለሙ የተላጠውን ቆርኪ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁና እንደረጠበ ካርታው ላይ፣ ከበርሊን በስተደቡብ አስቀመጥኩት። አንድ የታንክ ጦር መሆኑ ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻ ሳምንታት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ የሲራክ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። የጨዋታው ጠጠሮች ድሮ ስለጠፉ የምንዋጋው በቆርኪ ነው። ቀዩ የኦደርን ወንዝ የተሻገረው የሶቪየት ጦር ነው፤ የእኔ። ሰማያዊው ከምዕራብ የሚገፋው የሲራክ ነው። ግራጫውን፣ የጀርመንን ጦር፣ የሚያዙት ከጎረቤቷ አሌክሳንድሪያ ከተማ እየነዱ የሚመጡት ጋሽ ንጉሡ ናቸው። ተሸንፈው አያውቁም።

"የመጨረሻው ዙር ነው" አለኝ ሲራክ። "በርሊን ካልተያዘች ጋሼ አሸነፉን። አንቺም ወንበሩን ለቢንያም ትለቂያለሽ፤ ተነጋግረናል።"

ቢንያም ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቺፕሱን እየበላ ሳቀ። "እስከዚያ ወንበሩን አሙቂልኝ እንግዲህ።"

ከርሜ ከርሜ፣ የሚጣለውን ዳይስ ከማቀበል ወደዚህ ወንበር የመጣሁት ዛሬ ነው። መልቀቅ አልፈለግሁም።

ስልክ ሊያነጋግሩ ወጥተው የነበሩት ጋሽ ንጉሡ በሩን ከፍተው ገቡ። ሦስታችንም ሳናስበው ብድግ አልን።

"ኖር!"

የሲራክ ጉልበት ጠረጴዛውን ከሥር አነሳው። የሦስት ወገን ጦር እየተንኳኳ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

"በእግዜር" አሉ ጋሽ ንጉሡ። ከዚያ ወደ ታች አዩ። "ምን ጉድ ነው? እኔን ለማክበር ብላችሁ ይሄን ሁሉ ሠራዊት ፈጃችሁት?"

"በርሊን አልተያዘችም!" አለ ቢንያም። "ወንበሩ የኔ ነው!"

"ቦታቸውን አስታውሳለሁ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ካርታው ላይ የቀረው ያ እርጥቡ ቆርኪ ብቻ ነበር፤ ቀለሙ አጣብቆታል። ከእሱ ጀመርኩ። የኮረብታውን፣ የወንዙን፣ ሰማያዊዎቹን ሁሉ መለስኩ። ጋሽ ንጉሡ መነጽራቸውን አጥልቀው "ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ" ይላሉ። እጄ ላይ አንድ ግራጫ ቀረ።

"እሱ ከሞቱት ነው፤ ተይው" አሉ።

አልሞተም። ከታንኬ ፊት፣ ድልድዩ ላይ ነበር። እሱ ከሌለ በርሊን ክፍት ናት። ሲራክ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

"አይ ጋሼ" አልኩ። "ድልድዩ ላይ ነው። ባለፈው ዙር ከባቡር ሐዲዱ አንስተው ያመጡት።"

ቆርኪውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። ገና እጄን ሳላነሳ የተናገርኩት ነገር ገባኝ። ከሐዲዱ አንስተው! በርሊን የሚያስገባው ሐዲድ ላይ ታዲያ ማን ቀረ? ማንም። ሁላችንም ድልድዩ ላይ አፍጥጠን ቀርተናል።

"ተራው የኔ ነው አይደል?"

"ያንቺ ነው" አሉ ጋሽ ንጉሡ።

የተጣበቀውን ቆርኪ በጥፍሬ ፈልቅቄ፣ ድልድዩን ትቼ፣ በሐዲዱ ገፋሁት። ቀይ ጭረት እየተወ ሄደ። የሚያቆመው የለም። ዳይስ እንኳ አላስፈለገውም። በርሊን ገባ።

"አለቀ!" ብሎ ጮኸ ሲራክ። "ጦርነቱ አለቀ!" አቅፎ ከወንበሬ አነሳኝ። የቢንያም ቺፕስ ተበተነ።

ጋሽ ንጉሡ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያስላቸው ሳቁ። "የሞተውን ወታደሬን አስነስታ በገዛ ሐዲዴ ገባችብኝ! ቢንያም፣ አንተ ሌላ ወንበር ፈልግ። ይቺ ልጅ ከዚህ አትነሳም።"

"እርስዎ ሲገቡም?" አለ ሲራክ።

"እኔ ስገባማ ትነሳለች! ጠረጴዛውን ግን አርቁት።"

እነሱ ገና ይጯጯሃሉ። እኔ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ የጥፍር ቀለሙን ክዳን አጥብቄ ጠምዝዤ ለሚቀጥለው ጨዋታ የቆርኪዎቹ ማስቀመጫ ጣሳ ውስጥ ከተትኩት።