ሄናሬን ሳይጨልም

ድምፁ ቀድሞ መጣ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ከዚያ ሁሉ በታች ግን የሆነ ነገር ጉም! ጉም! ይላል። የማያውቅ ሰው ሩቅ ቦታ ድማሚት የሚፈነዳ ይመስለዋል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። ወንዙ ድንጋይ ማንከባለል ከጀመረ ደግሞ ድልድዩ ይዘጋል።

«ሰማሽው አክስቴ?»

«ዝም ብለህ ንዳ» አለች ከኋላ።

አክስቴ ናይሬ ወንበሩ በተነቀለው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከወንድሟ ከሄናሬ የሬሳ ሣጥን ጎን፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አጎቴ ሄናሬ ከትናንት ወዲያ ሆኪቲካ ከተማ ውስጥ አረፈ፤ ወደ ተወለደበት መንደር፣ ወደ ደቡብ እየወሰድነው ነው። በእኛ ባህል ሰው ከሞተ እስኪቀበር ድረስ ለአንዲት ደቂቃ ብቻውን አይተውም። ያወሩታል፣ ይቀልዱበታል፣ ቂም ያለውም ፊት ለፊት ይቆጣዋል።

አያቴ፣ የሄናሬ እናት፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ልጇን ትጠብቃለች። እሱ ሳይመጣ ጎኔን አላሳርፍም ብላለች። አክስቴም በስልክ «ሳይጨልም አደርስልሻለሁ» ብላታለች። እንግዳንም ሟችንም በር ላይ በዜማ ጠርተው የሚያስገቡ ሴቶች አሉን፤ ከጨለመ አይጠሩም፤ ካልተጠራ ደግሞ ሟችም ቢሆን አይገባም። ከመሸብን ሄናሬ ከአጥር ውጭ መኪና ውስጥ ያድራል፤ አሮጊቷም በዚያ ነፋስ እንደተቀመጠች ታድራለች። የሚጨልመው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

እኔ መንዳት እወዳለሁ። እጄ ሥራ ከያዘ ለምን ዝም አልክ የሚለኝ የለም። ጠዋት ስንነሳ ተራሮቹ ጭራሽ አልነበሩም፤ ደመና ውጧቸዋል። ከእኩለ ቀን በኋላ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፣ እግራቸው ብቻ፣ አናታቸው የለም። ሌላ ቀን ደረቅ የሆነው ገደል ሁሉ ዛሬ ከላይ እስከ ታች ነጭ ክር ለብሷል። አንደኛው ፏፏቴ ጭራሽ መንገዱ መሃል ላይ ይወርዳል። ሌላ መንገድ ስለሌለ ከሥሩ አለፍኩ። ጣሪያው የሚቀደድ መሰለኝ።

«ሄናሬ!» አለች አክስቴ ሣጥኑን መታ መታ እያደረገች፣ «በሕይወትህ እንዲህ ታጥበህ አታውቅም!»

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መንገዱ ላይ አጥር ተዘርግቶ ብርቱካናማ ካፖርት የለበሰች ልጅ ቆማለች። አክስቴ በሩን ከፍታ ዘላ ወረደች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እንደያዝኩ ታውቂያለሽ?»

«ገብቶኛል እማማ። ውሃው ግን ድልድዩ እግር ላይ ያለውን ቀይ መስመር አልፏል።»

«በምን ያህል?»

«ክንድ ይሆናል።»

«ራሴ ካላየሁ አላምንም።» ብላ ወደ ወንዙ ዳር ተጣደፈች። ነፋሱ ይጥላታል ብዬ ሮጬ ካፖርቷን ያዝኩ። ወንዙ እንደ ሲሚንቶ ግራጫ ነበር፤ ማቀዝቀዣ የሚያክል በረዶ እየተገለባበጠ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ደመናው ሸለቆው አፍ ላይ ተሰነጠቀና የተራራው የበረዶ ግግር ታየ፣ ሰማያዊ፣ ትልቅ ምላስ ይመስላል። ሲታየኝ ሁሉንም ረሳሁ፤ ድሮም ችግሬ ይኸው ነው። አክስቴ ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠችው።

«ማቲዩ። ከሄናሬ ጋር ማን አለ?»

ማንም አልነበረም።

የሮጥነውን ሩጫ ዛሬም እግሬ ያስታውሰዋል። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ቀደመችኝ። ሚኒባሱ ጋ ሳንደርስ ግን የሰው ድምፅ ሰማን። የኋላው በር ተበርግዷል፤ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ የሥራ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሣጥኑ ጎን ተቀምጧል። እጁን ክዳኑ ላይ ጭኖ ይጮኻል።

«ሚስቴን ሐኪም ቤት ባደረስኩበት ጠዋት! ያንኑ ዕለት! መረብህን እኔ ቦታ ላይ ዘርግተህ ቁጭ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ብቅ ብለህ ‹መርቭ፣ አጥፍቻለሁ› ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? አንተ ግትር በሬ!»

መርቭ የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ነው። እሱና አጎቴ በየዓመቱ ወንዙ አፍ ላይ ጥቃቅኑን ነጭ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። እዚያ የእያንዳንዱ ሰው የመረብ ቦታ ርስቱ ነው፤ ሌላው አይነካውም። አጎቴ ነካ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንኳ አይተያዩም ነበር።

ልናገረው አፌን ስከፍት አክስቴ ደረቴን ያዘችኝ።

«ተወው፣ ይንገረው። እውነቱን ነው። እኔም ያኔ ነግሬው ነበር።»

መርቭ ዞር አለና አክስቴን አያት። ተነሳ።

«ናይሬ።»

«መርቭ።»

«ብቻውን አገኘሁት» አለ፣ እሱ ያጠፋ ይመስል። «በሩ ክፍት፣ ሰው የለ። ጥዬው ልሂድ?»

አክስቴ እርጥቡ መወጣጫ ላይ ዘፍ አለች። ይዛው የነበረው ትንፋሽ ሲወጣ ተሰማኝ። «እግዜር ይስጥህ» አለች፣ ደጋግማ፣ «እግዜር ይስጥህ።»

«ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞሯል» አለ መርቭ። «ላይ ተራራው ላይ ዝናቡ በረዶ ይሆናል፤ ያኔ ወንዙ ይጎድላል። አንድ ሰዓት፣ ግፋ ቢል ሁለት።»

«ካልጎደለስ?»

«ካልጎደለ አላሻግርም። ቦታዬን ወስዶ ደግሞ ሊያሰምጠኝ ነው እንዴ?»

አክስቴ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጠበቅን። ብርቱካናማዋ ልጅ የሥጋ ፓይ ሰጠችኝ። «ሄናሬ ካለበት እንዳትበላ!» አለች አክስቴ፤ ሬሳ ባለበት ምግብ አይቀመስም። ዝናብ ላይ ቆሜ በላሁት፤ ግማሹ ውሃ ነበር። ሰዓቴን ሳይ፣ ወንዙን ስሰማ፣ ሰዓቴን ሳይ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። መርቭና አክስቴ ከሣጥኑ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አጎቴን ያሙታል፤ እንዴት ይሰስት እንደነበር፣ እንዴት መዝፈን እንደማይችልና እንደማይተው። የድንጋዩ ድምፅ እየራቀ፣ እየተቆራረጠ ሄደ። ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ በኋላ ጨርሶ ቆመ።

መርቭ ወርዶ የድልድዩን እግር አየ። ቀዩ መስመር ከውሃው በላይ ወጥቷል።

«ተከተለኝ» አለኝ። «ቀስ። እንዳትቆም።»

በመንገድ መጥረጊያ ሎደሩ ከፊቴ ሆኖ ተሻገረ። ድልድዩ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ መሪው ላይ ተጣብቄ ነበር፤ አክስቴ ግን ለሄናሬ ሜትሩን ትቆጥርለታለች። ማዶ ስንደርስ መርቭ ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ዳገቱን ሁሉ ከፊታችን እየሄደ የወደቀውን ቅርንጫፍ እየገፋ መንገዱን ጠረገልን።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዝናቡ አባራ። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ አጥሩ ጋ ደረስን፤ ባሕሩ ላይ ገና ቢጫ ብርሃን ነበር። የሴቶቹ ጥሪ ከበረንዳው ተነሳ፣ ረጅም፣ ቀጭን። ሣጥኑን ስናወርድ እኔና ሁለት የመንደሩ ወንዶች ነበርን፤ አራተኛው እጅ የመርቭ ሆነ። ጫማችንን በረንዳው ላይ አውልቀን አስገባነው።

አያቴ ክዳኑ እስኪከፈት ጠበቀችና የልጇን ጉንጭ ነካች።

«ዘገየህ» አለችው።

ከዚያ ከጎኑ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ ጋደም አለች። አክስቴ ብርድ ልብሱን አልብሳት ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች። «ደረስን እኮ» አለችኝ። «ደረስን፣ አንተ ልጅ!» እያለቀሰች ትስቃለች፤ እኔም ሳላስበው አብሬአት ሳቅሁ።

«መርቭን ጥራው፤ መመገቢያው ቤት ምግብ ቀርቧል» አለች። «ከእኛ ጋር ይቀመጥ።»

ወጣሁ። በረንዳው ደረጃ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

«መርቭ፣ ግባ እንጂ። አክስቴ ቦታ ይዛልሃለች።»

«ሊጠራኝ ይገባ የነበረው እሱ ነው» አለ ቀና ብሎ። ከዚያ ሌላኛውን ክር አሰረ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ሎደሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳና በመጣበት መንገድ ሄደ።