ለብስክሌቴ የሠራሁት ጥርስ

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ሐኪም የሚያስመስል ነጭ ጋውን እለብሳለሁ፣ ሰው ተሳስቶ "ዶክተር" ሲለኝም ለማረም አልቸኩልም። ሐኪሞቹ የታካሚዎቻቸውን የድድ ቅርጽ ይልኩልናል። እኛ ጀሶ እንሞላበታለን፣ በሰም እንቀርጻለን፣ ብረት አቅልጠን እናፈሳለን፣ ከዚያ አሳምረን የሚያኝክ ነገር አድርገን እንመልሳለን። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ሲጀምር ብስክሌት ገዛሁ።

ያገለገለ ቢሆንም ማርሽ ያለው ነው። የኋላ ጎማው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደሩ ጥርሳም ክብ ብረቶች አሉት። መሪው ላይ ያለችውን መቀየሪያ በአውራ ጣት ሲጫኗት ካቴናው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የሸጠልኝ ሰውዬ ይህን ሲያስረዳኝ እንደገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት።

"ከሁሉም የሚከብደው የቱ ነው?" አልኩት።

"ትንሿ። እሷ ግን ለቁልቁለት ካልሆነ..."

አላስጨረስኩትም። ካቴናውን ትንሿ ላይ አስደረግኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀየሪያዋን ነክቻት አላውቅም። ዳገት ላይ ፊቴ ቲማቲም መስሎ፣ የአንገቴ ሥር ተገትሮ፣ ከአጠገቤ እግራቸውን እያሽከረከሩ ቀለል ብለው የሚያልፉኝን ሰዎች በሐዘኔታ አያቸው ነበር። ጉልበት የሌላቸው ምስኪኖች እል ነበር በልቤ። ያልፉኝ እንደነበር ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ከሰፈር ወጥቼ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ስረግጥ ካቴናው "ቃ!" ብሎ ዘለለ። እግሬ ባዶ ወረደ፣ ደረቴ መሪው ላይ አረፈ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ። ገፋሁትና መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ለሰው የማይቸኩል ሰው ነው። ካቴናውን በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄ አልቋል" አለኝ።

"አዲስ ስጠኛ።"

"ካቴና ብቻ ብሰጥህ የኋላው ጥርስ አይቀበለውም፤ ወንድሜ፣ አብረው ነው የሚበሉት።"

"እሺ፣ ትንሿን ጥርስ ጨምርልኝ።"

"በነጠላ አይሸጥም። ሙሉውን ነው። የኋላው አዲስ ከሆነ ደግሞ የፊተኛው ያበላሽብሃል።"

"የፊተኛውንም ጨምር እንግዲህ" አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ።

የሒሳብ ማሽኑን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ወደ እኔ አዞረው። ተጎንብሼ አየሁት።

"ይሄ ስልክ ቁጥርህ ነው?"

"ዋጋው ነው።"

"ብስክሌቱን ጠቅላላ የገዛሁት ከዚህ ባነሰ ነው እኮ!"

"ብስክሌት መቼ ተወደደ" አለኝ መነጽሩን እየጠረገ፣ "የተወደደው ማስኬዱ ነው።"

"አስቤበት እመለሳለሁ" አልኩት። በዓለም ላይ ባለ በየትኛውም ሱቅ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሻጭ ሁሉ ያውቃል። ቻው ሳይለኝ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የሆነውን ስነግራት እግሯን ከማሽኑ መርገጫ ሳታነሳ ሳቀች።

"እኔ ቁልፍ የወደቀበት ሸሚዝ ይዞ ለሚመጣ ሰው ‘ሱሪም ኮትም ካልገዛህ አልተክልልህም’ ብል፣ ደንበኛ ይተርፈኝ ነበር?"

"እሱን ንገሪልኝ።"

"ሽጠውና ተገላገል።"

"ማን ይገዛዋል? ጥርስ የሌለው ብስክሌት..."

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቆምኩ። ጥርስ የሌለው! ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርስ የሌለው ሲመጣ ምን ሳደርግ ኖርኩ?

ባለቤቴ መርፌውን አቆመች። "አንተ፣ ይቺን ፊት አውቃታለሁ። የውኃ ቧንቧውን ራሴ እጠግናለሁ ያልክ ቀን ያየኋት ናት። ተው።"

አልተውኩም። በማግስቱ ትንሿን ጥርሳም ክብ ፈትቼ በምሳ ዕቃ ውስጥ ይዣት ገባሁ። የላቦራቶሪው ባለቤት ሐኪሟ ለምሳ ስትወጣ ጠብቄ፣ የሰው ድድ በምንቀርጽበት እንጆሪ እንጆሪ በሚሸተው ሊጥ ቅርጿን ወሰድኩ። የተበሉትን ጥርሶች በሰም ሞላሁ፣ ጫፋቸውን አሾልኩ፣ ለጥርስ መያዣ ከምንጠቀምበት ብረት የተራረፈውን ሰብስቤ አቅልጬ አፈሰስኩ። ማለስለሱን ብትጠይቁኝ ስለ ራሴ መናገር ደስ አይለኝም፤ ነገር ግን መስታወት አደረግኳት። ካቴናው ውስጥ ገብታ ግራሶ የምትቀባ ሳትሆን ሙሽራ አፍ ውስጥ የምትገባ ትመስል ነበር።

ገጠምኳት። ሠራች። አንድም ጊዜ ሳትዘል!

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ታሪኩ የእኔና የጉልበቴ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ለዘበኛው አሳየሁ። ለዳቦ ሻጯ አሳየሁ። ብስክሌት ነድቶ ለማያውቀው ለባለቤቴ ወንድም ጎማውን ገልብጬ አስረዳሁ። "እነዚህ መለዋወጫ ነጋዴዎች ዘመናቸው አለቀ" እል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ከሰሙኝ መካከል ነፋሷ አለች። ነፋሷ የምንላት የሠራናቸውን ጥርሶች በብስክሌት ለየክሊኒኩ የምታደርሰው ወጣት ናት፤ ስሟን የሰጣት ፍጥነቷ ነው።

"ጋሼ፣ ለእኔም አይሠሩልኝም? ትንሿ በጣም እየዘለለችብኝ ነው። ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የሁለት ወር ልፋቴ ነው። ለሥራ እንጂ ለሽርሽር እኮ አልነዳም።"

ትንሽ እንጠብቅ፣ የእኔ ምን ያህል እንደምትቆይ እንይ ማለት ነበረብኝ። ልጅቷ በዚህ ብስክሌት እናቷን ታስተዳድራለች። እኔ ግን እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ እንደ ትልቅ ስፔሻሊስት ጣሪያውን አይቼ "ምን ችግር አለው፣ ነገ ነይ" አልኳት። ሠራሁላት። እንደውም ከእኔዋ ይልቅ አሳመርኩላት። ስታመሰግነኝ "ኧረ ምን አደረግኩ" አልኩ፤ በዚህ ጉዳይ ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሳምንት እንኳን አልሞላም። ጠዋት ጋውኔን እንደለበስኩ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ዳገቱ ላይ እንደ ልማዴ ተነስቼ ስረግጥ የሚሰበር መስታወት ድምፅ ሰማሁ። ያ ብረት ጠንካራ ነው፤ ምግብ ሲያኝክ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዘጠና ኪሎ ሰው ቆሞ ሲረግጠው ግን ይሰበራል። መሪውን ልይዝ ስወራጭ አውራ ጣቴ መቀየሪያዋ ላይ አረፈ። ካቴናው ከተሰባበረችው ወደ ቀጣይዋ ተሻገረ፣ እና ብስክሌቱ ጸጥ አለ። አይዘልም። አይንቋቋም። እንደ ቅቤ ይሄዳል።

ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከትንሿ በስተቀር ያሉት በሙሉ ጥርሳቸው እንደ አዲስ ነው። ለምን አይሆንም? ነክቻቸው አላውቅም! ለካ እኔ ካቴናም ጥርስም አላስፈለገኝም ነበር። ያስፈለገኝ አውራ ጣት ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ነበረኝ።

መንገድ ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ነፋሷ ትዝ አለችኝ፣ ሳቄም ቆመ።

ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ አታነሳም። ላቦራቶሪው በር ላይ ስደርስ ሐኪሟ ቁልፍ ይዛ ቆማለች።

"ነፋሷስ?"

"አሁን ወጣች። ምነው፣ አንተስ ወዴት ነህ?"

"መጣሁ ዶክተር!" ብዬ በረርኩ። መብረር ስል እንግዲህ በእኔ መጠን ነው።

የደረስኩባት ትልቁ መንገድ ላይ መብራት ይዟት ነው። ሣጥኗ ከኋላዋ ታስሯል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከሩቅ "አትርገጪ! አትርገጪ!" እያልኩ ጮህኩ።

ዞራ አየችኝ። ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ጋውኔ እየተውለበለበ ስመጣ ስታይ ጥርሷን ብልጭ አደረገች። "እሽቅድምድም ነው ጋሼ?" ብላ ተነስታ ባላት ኃይል ረገጠች።

ያን የመስታወት ድምፅ እንደገና ሰማሁት።

የእግረኛ መንገዱ ዳር ወደ ጎን ወደቀች። ክርኗ ተላጠ። ሣጥኑ ተከፈተና የሠራኋቸው ጥርሶች አስፋልቱ ላይ ተበተኑ፤ ላይኛው መንጋጋ ወደ ሰማይ እየሳቀ፣ ታችኛው ከታክሲ ጎማ ሥር ለጥቂት የተረፈ። አንዱ ለሁለት ተከፍሏል። አላፊ አግዳሚው ከበበን። አንዲት ሴትዮ "ወይኔ፣ ጥርሷ ሁሉ ረገፈ!" ብላ አማተበች።

እጄን ዘርግቼ ላነሳት ስል እጄን ትታ ራሷ ተነሳች።

"ያውቁ ነበር?"

"አሁን ጠዋት ነው ያወቅኩት። የእኔም ተሰበረ።"

"እና ለእኔ ሲሰጡኝ ምን ያህል ነድተውበት ነበር?"

ጎንበስ ብዬ የተከፈተውን ሣጥን አነሳሁ። የቀናቱን ቁጥር ብናገር ይብስ ነበር።

"እኔ እኮ ያመንኩዎት ነጩን ልብስ አይቼ ነው" አለች፣ ክርኗን እየነፋች።

ከዚህ በላይ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ለቃቀምኩ። አንዷን ውሻ ቀድሞ ሊወስዳት ሲል ተሻማሁት። ሁለታችንም ብስክሌታችንን እየገፋን ተመለስን።

ሐኪሟ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ቁጣዋን ፈርቼ ነበር፤ የባሰው ግን ማዘኗ ነው። "የሰው አፍ ውስጥ የሚገባውን ብረት በካቴና አስበላኸው?" አለች። ከዚያም የተሰበረው ጥርስ የአንድ ሽማግሌ እንደሆነ፣ ሰውዬው ከወር በላይ አጥሚት ብቻ እየጠጡ እንደሚጠብቁት ነገረችኝ። "ምሳ ሰዓት ላይ ሙያተኛ እንደሆንክ ሰምቻለሁ። እንግዲህ በምሳ ሰዓትህ እንደገና ትሠራዋለህ፣ ራስህም ታደርሳለህ።"

ለነፋሷ የሚሆን ነገር ከእኔ ብስክሌት ሌላ አልነበረኝም። መለዋወጫ ሱቁ ሄድን፤ አዲስ ካቴና ገዛሁላት፤ ሙሉውን ዋጋ ከመስማት ካቴናው ብቻ ቀለል ይላል። ያልተነኩትን ማርሾቼን ፈትተን ለእሷ ገጠምን፣ የእሷን ለእኔ። ሻጩ የእኔን ሲያይ መነጽሩን ከፍ አድርጎ "ይሄ ብስክሌት ለጌጥ ነበር እንዴ የተቀመጠው?" አለ። ነፋሷ አየችኝ። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ሳቅ ሳቅ አለው፤ "ጋሼ ይመልሱለት" አለች። 

የእሷ ማርሾች ከትልቋ በስተቀር ሁሉም አልቀዋል። ትልቋ ለቀጥ ያለ ዳገት የምትሆነዋ ናት፤ ነፋሷ እሷን የምትፈልግ ልጅ አይደለችም። አሁን እኔ የምነዳው በእሷ ብቻ ነው። እግሬ እንደ ስፌት ማሽን ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን ቆሞ የሚያስብ ይመስላል።

የሽማግሌውን ጥርስ ይዤ ወደ ክሊኒኩ ስሄድ አንድ ከዘራ የያዙ ጎረቤቴ ከጎኔ በእግራቸው እየሄዱ የቤተሰቡን ደህንነት ሁሉ ጠየቁኝ። መልሼ ሳልጨርስ "በል፣ እኔ ትንሽ እቸኩላለሁ" ብለው ቀደሙኝ።

ክሊኒኩ ስደርስ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ጥርሱን ወስዶ አፋቸው ውስጥ አስገባ፣ አስነከሳቸው፣ ትንሽ ፋቅ ፋቅ አድርጎ መለሰው። ጉንጫቸው ሞላ። መስታወቱን ተቀብለው ግራና ቀኝ አዩ፣ ሁለቴ አፋቸውን ከፍተው ገጠሙ።

"ይሄን የሠራው ማነው?"

"እኔ ነኝ አባባ" አልኩ፣ ላቤን በጋውኔ እጅጌ እየጠረግኩ። "በመዘግየቱ ይቅርታ..."

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ሰነፍ!" አሉኝ።

"ሰ"ዋ ጥርት ብላ ወጣች፣ አንድም ፉጨት የለባትም። ደስ አለኝ።