የአሮጌው ከርነል ቦታ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት፣ ከርነል አዘጋጁ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ጠቅልሎ ለወዳጆቹ ይለቃል። ከርነል የኮምፒውተሩ ልብ ነው፤ እሱ ካልነሳ ሌላው ሁሉ በድን ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች የእሱን ጥቅል ይጭናሉ። ጭነው ሲጨርሱ በጋራ የመልእክት ገጻቸው «አጥፍቼ ላስነሳ ነው» ይላሉ፤ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ «ተነሳ፣ እጅህ ይባረክ»።

ዛሬ ከሠላሳው የቀደመው ጥርስ ሐኪሙ ነበር።

«አጥፍቼ ላስነሳ ነው። ካልተመለስኩ ንብረቴን ለድመቴ አውርሻለሁ።»

«ድመትህ ካንተ የተሻለ ታውቅበታለች» አለ ሰዓት ሠሪው፤ «እኔም ተከተልኩህ።»

ሒሳብ መምህሯም ተከተለች። ከዚያ ጭጭ።

አዘጋጁ ሳህኑን አጥቦ፣ እጁን አድርቆ ተመለሰ። ገጹ እንደተወው ነው። ሌላ ሰው ገባ፣ «ላስነሳ ነው» ብሎ እሱም ጠፋ። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲህ አለፈ፤ የሄደ እንጂ የተመለሰ የለም።

በመጨረሻ ስልኩ ጠራ። ጥርስ ሐኪሙ ነው።

«ጥቁር ነው» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«አሮጌውን ከርነል መርጠህ አስነሳው።»

«የቱን አሮጌ? ሲነሳ በሚያሳየኝ ዝርዝር ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱም ያንተው!»

አዘጋጁ ያደረገው ትዝ አለው። ከርነል የሚቀመጥባት የዲስክ ክፍል በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ጠባብ ናት፤ ሰዎቹም «ሞላብን» እያሉ ወሩን ሙሉ ነዝንዘውታል። አዲሱ ሦስት ጊዜ በደህና ሳይነሳ አሮጌው አይሰረዝም የሚለውን ሕግ ያወጣው ራሱ ነበር። ዛሬ ግን ጥቅሉ አስቀድሞ አሮጌውን እንዲሰርዝ አንዲት መስመር ጨመረበት። አዲሱንም ለማሳነስ ብሎ የድሮ ዲስክ የሚያነበውን ክፍል አወጣለት። የእሱ ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ ሞከረው፣ ተነሳ፣ ለቀቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ።

ጥርስ ሐኪሙ ገና እየተናገረ ነበር፤ አዘጋጁ ግን የሚያስበው እህቱን ነው።

ታላቅ እህቱ በእሳት አደጋ ጣቢያ የጥሪ ተቀባይ ናት። የእሷ ኮምፒውተር በእሱ ከርነል እንዲሠራ አለቃዋን አግባብቶ ያስፈቀደው እሱ ነው። ጥቅሉ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በራሱ ይጫናል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈረቃዋን ስታስረክብ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ታስነሳለች፤ አንድም ቀን ዘንግታ አታውቅም። አሁን አሥር ሰዓት ከሃያ ነው። የእጅ ስልኳ በሥራ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍባታል። በአደጋ ጥሪው መስመር ደወለ፤ ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

«እሳት አለ?»

«የለም፣ ግን እህቴን...»

«ከሌለ መስመሩን ልቀቅ፣ ወንድሜ።»

ያለፈው ሳምንት ከርነል ያለበትን ፍላሽ ነጥቆ ወጣ። ታክሲ አጣ፤ ሮጠ። ሲደርስ ለአሥራ አንድ ስድስት ጉዳይ ነበር። የእህቱ እጅ ማውሱ ላይ ነው።

«እትዬ፣ እንዳትነኪው!»

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገና ነው። ተነሽልኝ።»

ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ የቀድሞው ከርነል ማህደረ ትውስታው ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ ዲስኩ ላይ ግን የለም። አዘጋጁ አዲሱን ሰረዘ፣ አሮጌውን ከፍላሹ መልሶ ጫነ፣ ዝርዝሩን አየ። ከዚያ ደግሞ አየ። የሆነውን ሲነግራት እህቱ ቆማ ሰማችው።

«አሁን ቢጠፋ ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«እንግዲያው አጥፍተህ አሳየኝ።»

ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ። ጠዋትም እንዲሁ «ይነሳል» ብሎ ነበር።

የአደጋ ጥሪው ስልክ ጮኸ። እህቱ በዳሌዋ ከወንበሩ ገፋ አድርጋው ተቀመጠች።

«እሳት አደጋ ነው፣ ይናገሩ... ስንተኛ ፎቅ? ውስጥ ሰው አለ?» አድራሻውን ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ጀመረች።

የጣሪያው መብራት አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለው የባትሪ ሳጥን ጢጥ አለ። እህቱ ባለፈው ዓመት «ባትሪው ደክሟል፣ ይቀየር» ብላ ጽፋ ነበር፤ አልተቀየረም።

«ሕፃናቱ ስንት ናቸው?» አለች እህቱ ወደ ስልኩ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳታነሳ።

ሳጥኑ ደግሞ ጢጥ አለ፤ ከበፊቱ ፈጠን ብሎ።