በልቼበታለሁ

«መሐረቤ ወደቀብኝ» አሉ የመዝሙር መሪዋ እማማ፤ አሁንም ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ቀሩ።

ልጅቷ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «እማማ፣ መሐረብዎ እኮ እጅዎ ላይ ነው።»

አባቷ አናጺው ከተቀበረ ወዲህ ቤቱን ለቀስተኛ ተለይቶት አያውቅም። ግን እንዲህ ያለ ለቅሶ የት አለ? አንዱ ቁም ሣጥኑን ያንኳኳል፣ ሌላው ምንጣፉን ገለጥ ያደርጋል። ቄሱ እንኳ ሲጸልዩ አንድ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። የሚፈልጉትን ታውቃለች። በሩን ነው።

ቅድመ አያቶቻቸው በመርከብ መጥተው የሉተራን ጉባኤያቸውን ሲመሠርቱ፣ የእንጨት ቤተ ክርስቲያናቸውን በር ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርገው ገጠሙት። በአገራቸው በረዶ ደጅ ላይ ሲቆለል፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሰው ውስጥ ቆልፎ ያስቀራል። እዚህ በረዶ ወርዶ አያውቅም፤ እጃቸው ግን የለመደውን ሠራ። ኋላ የጡብ ሕንፃ ሲሠራ አሮጌው ፈረሰ፣ በሩም የገባበት ጠፋ። «አናጺው በላው» ተባለ።

አንድ ቀን በዚሁ ጠረጴዛ እራት ሲበሉ ጠይቃው ነበር። «አባዬ፣ እውነት በሩን በላኸው?»

«በልቼበታለሁ» ብሎ ሳቀ፣ ሾርባውን መብላቱን ቀጠለ። ሸጦ ተጠቅሞበታል ማለት ነው ብላ ደነገጠች። ከዚያ ወዲያ አባቷን እንደ ድሮው ማየት አቃታት።

እማማ ቀና ብለው የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጆሮ ሥር ሹክ አሉ፦ «የማጠፊያው ቦታ ይታያል።»

ልጅቷ ሰማች። ደሟ ፈላ። ትሪውን አስቀምጣ፣ ብርጭቆዎቹን አንስታ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ገፈፈችው።

«ጋሼ፣ በዚያ በኩል ያዙልኝ። ይውጣልን!» አለች ለሰብሳቢው።

ገለበጡት። አራት እግር የተተከለለት በር ነበር። የቁልፉ ቀዳዳ በእንጨት ተደፍኗል። መሃሉ ላይ ሲገፋ የኖረ መዳፍ ያሳሳው ጎድጓዳ አለ።



«በሩ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ለአዲሱ ሕንፃ ወደ ውጭ እንዲከፈት ይገጠም ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ሰብሳቢው አንገታቸውን ደፍተው። «እምቢ አለኝ። በነጋታው በሩ የለም። እኛማ በላው ስንል...»

«በልቼበታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «ነግሮኝ ነበር እኮ!»

ተንበረከከች። መዳፏን ጎድጓዳው ላይ አሳርፋ፣ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገፋችው።